ፓሌት አራት፣ ሁለት

ፓሌት ለረጅም ጊዜ ሴት ትመስለኝ ነበር። ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ገመዶቹ በተወሳሰቡበትና አቧራው በተኛበት ቦታ የምትኖር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የታዘዘችውን የምትፈጽም ቀለም ቀቢ። አባቴ በኪቦርዱ ስሟን ጽፎ፣ ሁለት ቁጥር አስከትሎ፣ ኤንተር የሚባለውን ትልቁን ቁልፍ ሲጫን ስክሪኑ ላይ ያለው ሰማይ በአንዴ ቡኒ ይሆናል፤ ሌላ ቁጥር ሲያስከትል ደግሞ ሣሩ ሐምራዊ። ያን ሁሉ ብቻዋን እንዴት እንደምታደርስ ሳስብ ታሳዝነኝ ነበር።

«አይደክማትም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ማን?»

«ፓሌት።»

አባቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛ ስለምትሆን አባቴ መሥሪያ ቤቱ ይዞኝ ይሄዳል። የሚሠራው የከተማውን ውኃ በሚያጠና ቢሮ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ሰው የለም። ሰም የተቀባው የኮሪደሩ ወለል ጫማዬን ያስጮኸዋል፤ በየበሩ ላይ የተንጠለጠሉት ቁልፎች፣ የተከደኑት የጽሕፈት መኪናዎች፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ የሰው መነጽር፣ ሁሉም የእኔ ይመስለኛል። ኮምፒውተሩ የራሱ ክፍል ነበረው። እናቴ የሰፋችለትን የአበባ ጨርቅ ገልጦ አባቴ ያበራዋል፤ እስኪሞቅ ድረስ ሁለት የስልክ ማውጫ ወንበሩ ላይ ደርድሮ እኔን ከላይ ያስቀምጠኛል። ያለ ማውጫዎቹ እጄ ኪቦርዱ ጋ አይደርስም።

ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያስተማረኝ እዚያ ነው። ፊደል ከቆጠርኩ ገና ሦስት ዓመቴ ነበር።

«ማሽኑ ቀለም አያውቅም» ይለኛል። «የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ከዜሮ እስከ አሥራ አምስት። ስክሪኑ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ቁጥር ይዛ ተቀምጣለች።»

«ታዲያ ቀዩ ከየት ይመጣል?»

«ትምህርት ቤትሽን አስቢ። አራተኛ ክፍሎች ምን ዓይነት ሹራብ ነው የሚለብሱት?»

«ቀይ።»

«ሁለተኛ ክፍሎችስ?»

«አረንጓዴ።»

«ነገ ዳይሬክተሯ ‹አራተኛ ክፍሎችም አረንጓዴ ልበሱ› ብትል?»

«ይለብሳሉ።»

«ሁለተኛ ክፍል ወረዱ ማለት ነው?»

«አባዬ ደግሞ! ያው አራተኛ ናቸው።»

«በቃ። ፓሌት ማለት ይኼ ነው። የሹራብ ትእዛዝ።»

ሌላም ነገር አስተማረኝ። ነገሩ ሁሉ ከተበላሸብኝ፣ ምንም ቁጥር ሳላስከትል ስሟን ብቻ መጻፍ ነው። ያኔ ሁሉም ወደየራሱ ቀለም ይመለሳል። ከጨዋታዎቼ ሁሉ የምወደው ይኼን ነበር። ባሕሩን ጥቁር፣ ፀሐይዋን ሰማያዊ፣ ቤቱን ከነጣሪያው የማይታይ አድርጌ አበላሽና ስሟን ብቻ እጽፋለሁ። ሁሉም ይመለሳል፤ ምንም እንዳልተደረገ። በዚህ ዕድሜዬ ከልጅነቴ የምመኘው ሌላ ነገር የለም፤ ያችን ትእዛዝ ብቻ ነው።

አባቴ ያን ዓመት የሚሠራው የከተማውን ጉድጓዶች ካርታ ነበር። በየሰፈሩ ሰው የሚቀዳባቸው የፓምፕ ጉድጓዶች አሉ። ከየጉድጓዱ ውኃ ተቀድቶ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ውጤቱ ሲመጣ አባቴ ሰፈሩን በቁጥር ይሞላዋል። ደኅና ከሆነ በቁጥር ሁለት፣ አረንጓዴ። ደኅና ካልሆነ በቁጥር አራት፣ ቀይ። ከታች በቀኝ ጥግ የካርታው መፍቻ ነበር፤ ጥፍር የሚያህሉ ሁለት ሳጥኖች፣ አንዱ ከሌላው በላይ። በላይኛው አረንጓዴ ሳጥን አጠገብ «ይጠጣል»፣ በታችኛው ቀይ ሳጥን አጠገብ «አይጠጣም» ይላል። ማሽኑ ፊደላችንን ስለማያውቅ ሁለቱን ቃላት በነጥብ በነጥብ የሳላቸው አባቴ ነው። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶባቸዋል።

ካርታው ሲያልቅ ላይኛው ከተማ ባብዛኛው አረንጓዴ ሆነ። ከቆዳ ፋብሪካው በታች ያለው ሰፈር፣ ታችኛው ሰፈር የምንለው፣ ከጥግ እስከ ጥግ ቀይ ነበር። አክስቴ የምትኖረው እዚያ ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባቴ የመጀመሪያው ውጤት እንደመጣ ለእሷ በጆሮዋ ነግሯታል፤ ጥናቱ እስኪወጣ ለማንም እንዳትናገር አስጠንቅቆ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓሮዋ ያለውን ጉድጓድ ለልብስና ለወለል ትታ፣ የሚጠጣውን ከላይኛው ሰፈር ቧንቧ በጀሪካን ትሸከም ጀመር። ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ነው። ጎረቤቶቿ ይስቁባታል። «ውኃ ላይ ተቀምጣ ውኃ የምትፈልግ!» ይሏታል። እሷም የዋዛ አልነበረችም። «ወገቤን ለማቅጠን ነው፤ እናንተም ብትሞክሩት አይጎዳችሁም» ትላቸዋለች። ለአባቴ ግን ሌላ ነበር የምትለው።

«ወንድሜ፣ ይኼ ካርታህ መቼ ነው የሚያልቀው? አንተ ስትስል እኔ ጎበጥኩ እኮ።»

አባቴ ለእህቱ ብቻ መንገሩን ያኔ ልብ አላልኩም። ታችኛው ሰፈር ውስጥ ከሦስት ሺህ በላይ ሰው ይኖር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቢሮው ኃላፊ መጣ። ኃላፊውን እወደው ነበር። ረጅም፣ ሳቂታ፣ የሳሙና ሽታ ያለው ሰው ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያሉት ቁልፎች ከእሱ ቀድመው ይሰማሉ። «ፕሮፌሰሯ!» ይለኛል ባየኝ ቁጥር። በዚያን ቀን ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ ተሸክሞ ነበር። የቢሮው ማተሚያ የሚያትመው በጥቁር ብቻ ስለሆነ፣ ባለቀለም ሥዕል ሲፈለግ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ነበረባቸው።

ካርታውን ቆሞ ብዙ አየው።

«ያምራል» አለ። «ግን ቀዩ በዛ።»

«የላቦራቶሪው ውጤት ነው፣ ጌታዬ» አለ አባቴ። «ሦስት ጊዜ አስመርምረናል።»

«ስለ ውጤቱ ማን አነሣ? ስለ ቀዩ ነው የማወራው። ማክሰኞ ሳምንት እንግዶቹ ይመጣሉ። ፋብሪካውን የሚያስፋፉልን እነሱ ናቸው። ይህን ቀይ ካዩ እነሱ የሉም፣ ፋብሪካው የለም፣ እኔና አንተም የለንም።»

ቀይ የማይወዱ እንግዶች ምን ዓይነት ሰዎች ይሆኑ ብዬ አሰብኩ። ኮርማ ቀይ ሲያይ ይዋጋል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ከነቀንዳቸው ክራባት አስረው በኮሪደሩ ሲመጡ ታዩኝ። ሣቄን አፈንኩት።

«ውጤት መለወጥ አልችልም» አለ አባቴ።

ኃላፊው አልተቆጣም። እጁን አባቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። «ማን ለውጥ አለህ? ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቆመህ ያስተማርከኝን ረሳኸው እንዴ? ቁጥር ሌላ፣ ቀለም ሌላ። ቁጥሩ አራት ነው? አራት ይሁን። ማንም አይነካውም። ዲስኬቱ ላይ እንዳለ ይቀመጣል፤ ብትፈልግ ቁልፉን ለአንተ እሰጥሃለሁ። ሹራቡን ብቻ!»

ሹራቡን ሲል ከፋኝ። የእኔና የአባቴ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ። አነሣቸው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና እንደገና አሳረፈ። እንደገና አነሣ። ኃላፊው ይጠብቃል። የኪሱን ቁልፎች ጨብጧቸዋል።

አባቴ ትእዛዙ የጠፋበት መሰለኝ። አለቃው ፊት እንዲህ ሆኖ ሳየው አፈርኩለት። ላድነው ፈለግኩ።

«እኔ አውቀዋለሁ!» አልኩ። «ፓሌት አራት ኮማ ሁለት!»

«ይኸው!» አለ ኃላፊው፣ ሳቁ ክፍሉን ሞልቶት። «ፕሮፌሰሯ ስታውቅ አንተ ትጨነቃለህ። ልቀቅላት እስቲ።»

አባቴ አየኝ። ምን ዓይነት አስተያየት እንደነበር ለመናገር አርባ ዓመት ሞክሬ አልቻልኩም። ከዚያ ተነሣ። ማንም አልገፋውም። ሁለቱን የስልክ ማውጫዎች ከመስኮቱ ሥር አምጥቶ ወንበሩ ላይ ደረደረልኝ፤ እንዳይንሸራተቱ ጠርዛቸውን አስተካከለ።

በአንድ ጣቴ ጻፍኩት። ፓሌት 4, 2። ኤንተር።

ታችኛው ሰፈር በአንዴ አረንጓዴ ሆነ።

«ዳነ!» አለ ኃላፊው እያጨበጨበ። «አየሽ? ሰፈር ሙሉ ሰው አዳንሽ!»

የሹራቡን ትምህርት ረስቼው አይደለም። ግን ትልቅ ሰው ዳነ ሲል፣ አባቴም አጠገቡ ቆሞ ዝም ሲል፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ዳነ ማለት ዳነ ነው።

ኃላፊው መጋረጃውን ዘግቶ ካሜራውን ሲያስተካክል አንድ ነገር አየሁ። በመፍቻው ላይ ያለው የታችኛው ሳጥንም በቁጥር አራት የተሞላ ስለነበር አብሮ ተለውጧል። ሁለት አረንጓዴ ሳጥኖች ናቸው አሁን። አንዱ ይጠጣል ይላል፣ አንዱ አይጠጣም።

«አባዬ» አልኩት በሹክሹክታ፣ «ሁለቱም አረንጓዴ ሆኑ እኮ።»

ትከሻዬን ጨመቅ አደረገው። «አየሽው?» አለኝ እሱም በሹክሹክታ። «አንቺ ካየሽው ሌላም ሰው ያየዋል።»

ያመሰገነኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። በአንድ መስመር ሊያስተካክለው ይችል ነበር። ሆን ብሎ ተወው። አባቴ በዕድሜው ያሳየው ድፍረት ያ ነው፤ ጥፍር በሚያህል ሳጥን።

ፎቶው በሚቀጥለው ቅዳሜ ታጥቦ መጣ። ጠረጴዛውን የሚሸፍን ትልቅ ነበር። ኃላፊው አጎንብሶ ሲያይ ጣቱ ጥጉ ላይ ቆመ።

«ይኼ ደግሞ ምን ቀልድ ነው?»

ኃላፊው ከመሳቢያው መቀስ አወጣ። መፍቻውን ቀስ ብሎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጠርዝ ይዞ፣ ልክ ልብስ ሰፊ እንደሚቆርጠው ቆረጠው። «ካርታ ያለ መፍቻም ካርታ ነው» አለ። «አረንጓዴ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አለ?» ከዚያ ጠባቧን ቁራጭ ለእኔ ሰጠኝ። «በይ ፕሮፌሰሯ፣ ለመጽሐፍሽ ምልክት ትሁንሽ።»

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አልኩት።

አባቴ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያይ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ አክስቴ ቤት ሄድን። ጀሪካኗ በር ላይ ተገትራለች። ጫማዬን ሳላወልቅ ሮጬ ገባሁ።

«አክስቴ! ውኃችሁ ድኗል! እኔ ነኝ ያዳንኩት!»

«ምን ትላለች ይቺ ቅብጥብጥ?» አለች አክስቴ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

«ካርታው አረንጓዴ ሆነ። የአባዬ አለቃ ራሱ ነው ዳነ ያለው!»

አክስቴ ወደ ወንድሟ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረው ተስፋ አሁንም ይታየኛል፤ የደከመው ትከሻዋ ከአፏ ቀድሞ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

«እውነቷን ነው?»

«ቁጥሩ አልተነካም» አለ አባቴ።

«የምን ቁጥር?»

«ቁጥሩ እንዳለ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ መች ቁጥር ጠየቅኩህ? ይጠጣል አይጠጣም?»

አባቴ እኔን አየ። ፊቴ በኩራት እያበራ ሳይሆን አይቀርም። እውነቱን ቢናገር፣ እኔ የጻፍኩትን፣ እሱ ያስጻፈኝን፣ በዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ በእኔ ፊት መናገር ነበረበት። ጠረጴዛው ላይ የእጅ መታጠቢያ ውኃ በማሰሮ ነበር፤ የጉድጓዱ ውኃ። ብርጭቆ አነሣ፣ ሞላው፣ ቆሞ ጠጣው። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ባዶውን ብርጭቆ ደፍቶ አስቀመጠው።

«እሰይ!» አለች አክስቴ። «እሰይ፣ ትከሻዬ እፎይ በል!» ጀሪካኗን በእግሯ ገፍታ ከበሩ አራቀቻት፤ ሁላችንም ሳቅን። አባቴም ሳቀ።

ያን ቀን የገባኝ፣ አባቴ ውኃው መዳኑን ጠጥቶ ማሳየቱ ነበር። አሁን የሚገባኝ ሌላ ነው። አንድ ቃል መናገር ያቃተው አፍ የሚሠራው ሌላ ነገር አገኘ። እሱ የጠጣው አንድ ብርጭቆ ነው። አክስቴ ስድስት ዓመት ጠጣች፤ እዚያ ሰፈር ቧንቧ እስኪገባ ድረስ። በእሷ መሸከም ልባቸው መጠራጠር የጀመረ ጎረቤቶችም ነበሩ። ጀሪካኗ ውስጥ አበባ ተክላ ሲያዩዋት እነሱም ተረጋጉ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ቅዳሜ ይዞኝ አልሄደም። ማሽኑ ተበላሸ አለኝ። ፓሌት ደክሟት ሥራዋን የለቀቀች መሰለኝ፤ አልፈረድኩባትም።

አክስቴ የሞተችው ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ዓመት ነው። ኩላሊቷ ነው አሉ። በቀብሯ ላይ አባቴ አጠገቡ የቆመውን የማያውቀውን ሰው ክንድ ይዞ «ቁጥሩ እኮ አልተነካም» ሲለው ሰማሁት። ሰውየው ሐዘን ያዞረው መስሎት አቀፈው። እኔም እንዲያው መስሎኝ ነበር። የገባኝ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ መምህር ሰሌዳው ላይ ባለሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ሠርቶ በአንዱ ዓምድ ቁጥር፣ በሌላው ቀለም ሲጽፍ ነው። «ልብ በሉ» አለ፣ «የተቀመጠው አይለወጥም። የሚለወጠው የሚታየው ነው።» ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። አልታጠብኩም፤ ብቻ ሲፈስ አየሁት።

ባሌን ያገኘሁት በዚያው ዓመት ነው። የየት ሰፈር ልጅ እንደሆነ ስጠይቀው፣ «የታችኛው» አለኝ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ። ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ባወራ ቁጥር የጉድጓዳቸውን ውኃ ያነሣል፤ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ከኳስ በኋላ ፓምፑ ሥር አፋቸውን ከፍተው እንዴት እንደሚሻሙ። «የቧንቧ ውኃ ጣዕም የለውም» ይላል። እሰማዋለሁ። ልነግረው የሚመች ቀን እፈልግ ነበር። ከሠርጉ በፊት አልሆነም። ከመጀመሪያው ልጃችን በኋላ አልሆነም። አባቴ ሲሞት አሁን አልኩ፤ እሱ ግን አባቴን ይወደው ነበር፣ ከእኔ በላይ አለቀሰለት። ሃያ ስድስት ዓመት ስፈልግ ኖርኩ።

ባሌ ታምሞ ያየችው ሐኪም ወጣት ናት። ወረቀቷ ላይ እየጻፈች «የት ነው ያደጉት?» አለችው። ነገራት። እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ከዚያ ሰፈር ብዙ ሰው ይመጣብናል» አለች።

«እንግዲያው የሰፈራችንን ስብሰባ እዚሁ እናድርገው» አላት ባሌ። ሐኪሟ ሳቀች።

ከውኃው ነው አላለችም። እኔም አላልኩም።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሆስፒታል ተኝቶ የሚነበብ ቀላል ነገር አምጪልኝ አለኝ። ከመደርደሪያው ከልጅነቴ የቆየ የተረት መጽሐፍ አንሥቼ ይዤለት ሄድኩ፤ ውስጡን አላየሁም። ትራሱን ደገፍ ብሎ ሲገልጠው ቁራጯ ፎቶ ደረቱ ላይ ወደቀች። አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዛት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የልጅነቴ የመጽሐፍ ምልክት ነው።»

«ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው» አለ። «አንዱ ይጠጣል ይላል፣ አንዱ አይጠጣም።» ሳቀ፤ ሳቁ አሳመመውና ጎኑን ያዘ። «የሠራው ሰው ተሳስቷል።»

አባቴ «አንቺ ካየሽው ሌላም ሰው ያየዋል» ብሎ ነበር። ይኸው፣ ሰው አየው።

«አዎ» አልኩት። «ተሳስቷል።»

«አንቺ እንዳትሆኚ?»

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አልኩ።

«እንግዲያው ይቅር ብለንሻል» አለ፣ በዚያ በለመድኩት የቀልድ ድምፁ፤ የደረቀ እጁን እጄ ላይ አኖረ።

የሚመች ቀን ቢኖር ያ ነበር። እጁን ያዝኩት፤ ይቅርታውንም ዝም ብዬ ወሰድኩት፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ የሰጠኝን።

መጽሐፉ አሁን አልጋዬ አጠገብ ነው። ምልክቷ እሱ ያኖራት ገጽ ውስጥ ናት፤ አልገለጥኩትም። የታችኛው ሳጥን ከገጾቹ መሃል ገብቷል። ከላይ ብቅ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ይጠጣል ይላል።